«ወደቅኩ እንዴ ሲስተር?»፦ ለክትባትና ለፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሙከራ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ሙከራውን ለምታካሂዱ ተመራማሪዎች፣ ገንዘቡን ለምታወጡ ስፖንሰሮች፣ ፕሮቶኮሉን (የጥናቱን ዕቅድ) ለምታጸድቁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት

ጉዳዩ፦ በማጣሪያ ምርመራ ስለሚመለሱ ጤነኛ ፈቃደኞች

ጤና ይስጥልኝ።

ነርስ ነኝ። ሥራዬ ጤነኛ ሰዎችን መመርመር ነው። ሲባል ያስቃል፣ ግን እውነት ነው። አዲስ ክትባት ወይም አዲስ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት መጀመሪያ ሰው ላይ ሲሞከር አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት ጤነኛ ፈቃደኞች ናቸው። እነሱ ደግሞ መድኃኒቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት በእኔ ክፍል በኩል ያልፋሉ። ግፊት እለካለሁ። ደም እቀዳለሁ። የልብ ማሽኑን ሽቦዎች ደረታቸው ላይ እለጥፋለሁ። የሽንት ኩባያ እሰጣለሁ። ከዚያ ጥያቄ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ቅጠላ ቅጠልስ? አልኮልስ? ባለፉት ወራት ሌላ ጥናት ውስጥ ገብተው ነበር? ለመጨረሻ ጊዜ የተከተቡት መቼ ነው?

ብዙ ሰው አያልፍም። እኛ ቤት የእነዚህ ሰዎች ስም «ስክሪን ፌይለር» ነው፣ በማጣሪያ የወደቁ ማለት ነው። መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጻፍላቸውና ፋይሉ ይዘጋል። ጥናቱ ሲታተም ደግሞ የተሳታፊዎችን ጉዞ በሚያሳየው ሥዕል ላይ፣ በጎን በኩል ባለች አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቁጥር ሆነው ይገባሉ። «መስፈርቱን ያላሟሉ» ትላለች ሳጥኗ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ሳጥን ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ቀልደኛ። የደም ውጤቱ ደርሶ ሊሰማ መጣ። በሩን ከፍቶ ፊቴን ሲያይ «ወደቅኩ እንዴ ሲስተር?» አለኝ፣ እየሳቀ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት። የፈተና ቋንቋ ነው። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ዶክተሩ ገባ። ደሙ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንደተገኘ፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን ምርመራ እንደሚያስፈልገው ቀስ ብሎ አስረዳው። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ስለ ጉበቱ ይጠይቃል ስንል ሌላ ነገር ጠየቀ።

«አምና ሌላ ቦታ ለሌላ ጥናት ደሜን ወስደው ነበር። ያኔም ነበረብኝ ማለት ነው?»

ምን አሉህ ታዲያ፣ አልነው።

«ስልክ ደውለው ለዚህ ጥናት አልተመረጡም፣ ስለ ፈቃደኝነትዎ እናመሰግናለን አሉኝ።»

ከወር በኋላ የዚያን ጊዜውን ወረቀት ጠይቆ አምጥቶ አሳየኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ ፖዘቲቭ ይላል። አጠገቡ የአንድ ሰው ፊርማ አለ። አንድ ሰው አይቶታል፣ ፈርሞበታል፣ ፋይሉን ዘግቶታል። በመካከሉ ልጁ አግብቷል። ሄፓታይተስ ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ክትባት አለው። በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ዶዝ ነው፣ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። ያ ስልክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢረዝም ኖሮ ሚስቱ ከሠርጋቸው በፊት ተመርምራ ክትባቷን ትጨርስ ነበር።

ቦታውን አልጠቅስም። አንድን ቦታ ብቻ መውቀስም አልፈልግም። ነገሩ የአንድ ሰው ክፋት ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ሥራችን የተሠራው ለሚገባው ሰው ነው። ለሚመለሰው ሰው የተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

የማጣሪያውን ጥብቅነት እንደምቃወም እንዳታስቡ። ሰው በመመለስ ከሆነ እኔን የሚያክል የለም። ጤነኛ ሰው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ውስጥ ሲገባ የሚድንለት በሽታ የለውም። አደጋው ግን የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ለንደን ውስጥ ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ቲጂኤን 1412 የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ስድስቱም ጤነኛ ወንዶች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ማስመሰያውን (መድኃኒት የሌለበትን) የወሰዱት ሁለቱ ደህና ነበሩ። መድኃኒቱ የፀረ ቫይረስ አልነበረም፣ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው። ስድስቱ ማጣሪያ አልፈው የገቡ ሰዎች ናቸው። ማጣሪያ ከመድኃኒቱ ጠባይ አያድንም። የሚያድነው ቀድሞ የተደበቀ ችግር ላይ ሌላ ችግር እንዳይደረብ ነው።

ጉበትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ፊያሉሪዲን የሚባል የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት 15 ሕሙማን ላይ ሲሞከር የሰባቱ ጉበት ከሥራ ውጭ ሆነ። አምስቱ ሞቱ። ሁለቱ በጉበት ንቅለ ተከላ ተረፉ። እነሱ ጤነኛ ፈቃደኞች አልነበሩም፣ ታማሚዎች ነበሩ። ግን የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሙከራ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲህ የጉበት ኢንዛይም ውጤትን ሁለቴ ያነባል። ቀድሞ የታመመ ጉበት ላይ መድኃኒቱ ያደረሰውን ከበሽታው መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ያ ሳቂታ ልጅ መመለሱ ትክክል ነው። የተሳሳተው አሸኛኘቱ ነው።

ክትባት ላይ ደግሞ ቀድሞ ያለው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያፈራው ነገር፣ ጉዳይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ 36 ወጣት ፈቃደኞች አፍንጫቸው ውስጥ ሆን ተብሎ የኮሮና ቫይረስ ተጨመረላቸው። ቀድሞ ያልተያዙና ያልተከተቡ ተብለው ተመርምረው የገቡ ናቸው። ያም ሆኖ ሁለቱ በማጣሪያው ቀንና ቫይረሱን በወሰዱበት ቀን መካከል አንቲቦዲ አፍርተው ተገኙ። ከትንተናው ወጡ። ከቀሩት 34 ሰዎች 18ቱ ተያዙ። እንግዲህ ያንን ያህል በተጠበቀ ጥናት ላይ እንኳ በሁለት ቀጠሮ መካከል ሰው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የቆመው የኤችአይቪ ክትባት ሙከራም አለ። ክትባቱ አዴኖቫይረስ 5 በሚባል የጉንፋን ቫይረስ ላይ ተጭኖ ነበር የሚሰጠው። በኋላ ውጤቱ ሲታይ ለዚያ ቫይረስ ቀድሞ አንቲቦዲ የነበራቸውና ያልተገረዙ ወንዶች ክትባቱን ከወሰዱ በኋላ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድላቸው ማስመሰያውን ከወሰዱት ከፍ ብሎ ተገኘ። የድሮ ጉንፋን ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው።

እሺ። ማጣሪያው ያስፈልጋል። አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

የምርመራ መሣሪያ ሁሉ የሚነግረን ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ የሚነግረን ፈቃደኛው ራሱ ነው። ማታ የጠጣውን፣ ከጎረቤት የተሰጠውን እንክብል፣ ልጅ እያለ የጣለውን የሚጥል በሽታ ደም ውስጥ አላነበውም። እሱ ካልነገረኝ አላውቅም። የሚነግረኝ ደግሞ መናገሩ የማይጎዳው ከመሰለው ብቻ ነው።

አንድ ሰውዬ መጡ። ጎልማሳ ናቸው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ይመልሳሉ። አለርጂ? የለም። አስም? የለም። የሚወስዱት መድኃኒት? የለም። ሌላ ጥናት? በፍጹም። ሸሚዛቸውን አውልቀው ተኙ። ሽቦዎቹን ስለጥፍ ክርናቸው መታጠፊያ ላይ በለዝ አየሁ። ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል፣ መሐሉ ገና ወይን ጠጅ ነው። ትልቅ መርፌ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦበት የነበረ ክንድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዝም ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

«በእናትሽ ሲስተር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የቤት ኪራይ አለብኝ።»

ከዘጠኝ ቀን በፊት ሌላ ቦታ ሌላ መድኃኒት ወስደው ነበር። የእኛው ጥናት ሪቶናቪር ያለበት ነው። ሪቶናቪር ጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰብረውን ኢንዛይም ያስራል። ለኮሮና ከኒርማትሬልቪር ጋር አብሮ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው፤ ጓደኛው ደም ውስጥ እንዲቆይለት። ግን የሌላ ጥናት መድኃኒት ቅሪት ካለም ያንንም ሊያቆየው ይችላል። ሰውዬው ይህን አያውቁም። እንዲያውቁ ያደረገ የለም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ «አዎ» ካሉ የትራንስፖርት እንኳ ሳይሰጣቸው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ነው እናንተን የምወቅሰው። ብዙ ጥናት ላይ ለማጣሪያው ቀን የሚከፈለው ከምንም አይቆጠርም፣ ወይም ከነጭራሹ የለም። ክፍያው የሚጀምረው ሰውየው ሲገባ ነው። ስለዚህ ከእኔ ፊት የተቀመጠ ሰው ለእያንዳንዱ እውነት ከኪሱ ይከፍላል። እኛ ደግሞ በወረቀት ላይ «እባክዎ በሐቀኝነት ይመልሱ» ብለን ጽፈናል። አይ እኛ።

እርግጥ ሰዎች ከጥናት ጥናት እንዳይዘሉ የሚከለክል መዝገብ ያላቸው አገሮች አሉ። እንግሊዝ አለው። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሕግ የተነሣ የጤነኛ ፈቃደኞች ብሔራዊ መዝገብ አላት። ጥሩ ነገር ነው፣ ሌላውም ቢኖረው ደስ ይለኛል። ነገር ግን መዝገብ የሚይዘው ሁለት ቦታ የተመዘገበን ሰው ነው። ትናንት የዋጠውን የራስ ምታት ክኒን አይዝም።

ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ የሚሰጠውን ትምህርት ብትሰሙ ደግሞ ትገረማላችሁ። ውኃ በደንብ ጠጣ ይላል አንዱ፣ ሽንትህን ያቀጥነዋል። ግፊት ከመለካትህ በፊት በረዥሙ ተንፍስ ይላል ሌላው። አስም አለህ ሲሉህ የለም በል፣ ድሮ ነበረኝ አትበል። ግማሹ ምክር ጎጂ ነው። የሚገርመው ግማሹ ደግሞ እኛ ራሳችን ልንሰጠው የሚገባ ነው። ለምሳሌ «ከምርመራው በፊት ጂም አትግባ» ይባባላሉ። ልክ ናቸው። ከባድ ስፖርት የሠራ ሰው ጡንቻው የሚለቃቸው ኢንዛይሞች ጉበቱ የተጎዳ ያስመስሉታል። አንዲት ሯጭ ልጅ በዚሁ ተመልሳ ነበር። ከሳምንት ዕረፍት በኋላ እንድትደገም ለምኜ ተደገመላት፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በቀጠሮ መልእክቱ ላይ አንድ መስመር ብንጨምር ኖሮ ያቺ ልጅ ሳምንት ሙሉ ጉበቴ ሞተ ብላ ባልተጨነቀች።

እንዲህ ዓይነት የውሸት መውደቅ ሌላም አለ። ባዶ ሆድ ኑ እንላለን። ጊልበርት የሚባል ምንም የማይጎዳ የተፈጥሮ ጠባይ ያለው ሰው ግን ባዶ ሆዱን ሲሆን ቢሊሩቢኑ (ጉበት የሚያስወግደው ቢጫ ቀለም) ከፍ ይላል። ከመቶ ሰው ከ3 እስከ 10 የሚሆነው እንዲህ ነው። አንዳንዱ ፀረ ቫይረስ፣ ለምሳሌ አታዛናቪር፣ ያንኑ ቢሊሩቢን ከፍ ስለሚያደርግ እሱን ማስወጣቱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ግን «ጉበትህ ላይ ችግር አለ» ብሎ መሸኘትና «የተፈጥሮህ ነው፣ አትጨነቅ፣ ይህ ጥናት ብቻ አይስማማህም» ብሎ መሸኘት አንድ አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የነጭ የደም ሴሉ ነገር ነው። ብዙ ፕሮቶኮል ኒውትሮፊል የሚባለው ሴል በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1500 በታች ከሆነ ይመለስ ይላል። ቁጥሩ ለሁሉም የሰው ዘር የተለካ ይመስል። ብዙ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች ግን ከዚያ በታች ይዘው ፍጹም ጤነኛ ናቸው። ዳፊ ከሚባለው የደም ምልክት ጋር የተያያዘ ነው። ቫይቫክስ ከሚባለው ወባ የሚጠብቀው ያው የዘር ለውጥ ማለት ነው። ከበሽታ የሚከላከልለት ጠባይ እኛ ጋ ሲደርስ ጉድለት ሆኖ ይመዘገብበታል። ሰውየው በማያውቀው ቋንቋ «ደምህ አንሷል» ተብሎ ይሄዳል። ክትባቱ ነገ የሚሰጠው ለእነዚሁ ሰዎች ነው እኮ! የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች፣ ፕሮቶኮሉ እጃችሁ ሲገባ «ይህ ቁጥር የተወሰደው ከየትኛው ሕዝብ ነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

የግፊቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ደረጃ ሲወጣ የመጣን ሰው ወዲያው አትለኩ። አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ክንዱ ከልቡ ትይዩ ይሁን። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰልፉ ሲረዝም ግን ሁሉም ይረሳዋል። እኔም ረስቼ አውቃለሁ።

ስለ ሴቶች ግን ትንሽ ልቆይ። አሜሪካ ውስጥ ከ1977 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ልጅ መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች እንዲቀሩ መመሪያው ይመክር ነበር። አሁን ይገባሉ፣ ግን የእርግዝና ምርመራ ግድ ነው። አንድ ቀን ሁለት እህትማማቾች አብረው መጡ። የታናሽየዋ ምርመራ ሁለት መስመር አወጣ። ታላቅየዋ በሩ ላይ ቆማ «ምን ሆነች?» ትላለች። ክፍሌ በር አለው እንጂ ግድግዳው መጋረጃ ነው። ልጅቷ ፊቴን አየችና ገባት። ያን ዕለት ሌላ ሰበብ ፈጥሬ ታላቅየዋን ቅጽ እንድትሞላ ወደ ሌላ ክፍል ላክኋት። እኔ ስለ ምርመራ ጥራት ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ስለ ደም አቀማመጥ ወስጃለሁ፣ ስለ ፊርማና ቀን አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በመጋረጃ ጀርባ እንዴት እንደሚነገር ግን ያሠለጠነኝ የለም።

የሚገባውም ሰው ከእኛ የሚሰማው ነገር አለ። የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ ላይ ክትባቱን የወሰደ ሰው ቫይረሱ ሳይኖርበት በተለመደው ምርመራ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ሰውነቱ ለክትባቱ ያፈራው አንቲቦዲ ነው። ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሥራ ሲቀጠር፣ ሲያገባ፣ ደም ሊሰጥ ሲል ይገጥመዋል። ይህ በስምምነት ቅጹ ላይ አለ፣ አውቃለሁ። አሥራ ምናምነኛው ገጽ ላይ ነው። እኔ አሁን ቅጹን ከመክፈቴ በፊት ነው የምናገረው። ሰምተው ተነሥተው የሄዱ አሉ። አልተቆጨሁም።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። ትልቅ ነገር አይደለም የምጠይቀው። ለማጣሪያው ቀን ክፈሉ፤ አለፈም አላለፈም፣ እኩል። ያን ጊዜ የቤት ኪራይ ያለባቸው ሰውዬ ቢያንስ ለመዋሸት አንድ ምክንያት ይቀንስላቸዋል። ውጤቱን በወረቀት፣ እሱ በሚገባው ቋንቋ፣ እጁ ላይ ስጡት። ደሙ የእሱ ነው። ከመስፈርት ውጭ የሆነውን ነገር የሚነግረው ዶክተር ይሁን እንጂ ቀጠሮ ያዡ አይሁን፤ በስልክም ከሆነ ዶክተሩ ይደውል። ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ ተጽፎ ይሰጠው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሄዶ እንደሆነ አንድ ሰው ይጠይቀው። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ ላይ በስሙ ይግባ፤ በስሙ ካልገባ ማንም አይሠራውም። የተመለሰው ሰው ደምና ስም የት እንደሚሄድም ከመፈረሙ በፊት ይነገረው። ለመጥፋት የተቀመጠ ደም ሌላ ጥናት ላይ ሲገኝ ሰው ይቆጣል፣ መብቱም ነው።

ኮሚቴዎችስ? እናንተ በየዓመቱ ስንት ሰው እንደገባና ስንት ጉዳት እንደደረሰ ትጠይቁናላችሁ። ስንት እንደተመለሰ፣ ለምን እንደተመለሰና የተመለሱት ምን እንደተነገራቸው ጠይቁን። ከጠየቃችሁን እንሠራዋለን። ካልጠየቃችሁን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰልፉ ረዥም ነው።

ሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2024ቱ ማሻሻያ ሰዎቹን «የሚጠናባቸው» ከማለት ይልቅ «ተሳታፊዎች» ማለት ተጀመረ። ያ ልጅ ሁለቱም ቦታ የስምምነት ቅጽ ፈርሟል፣ ክንዱን ዘርግቶ ሰጥቷል። ተሳታፊ የሆነው ያን ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱን እስኪወስድ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ልጁ ሚስቱን ይዞ መጥቶ ነበር። ኔጌቲቭ ነች፤ የመጀመሪያውን ዶዝ ጤና ጣቢያ ወስዳለች። እኔ ጋ የመጡት ለሰላምታ ነው። እሱ አሁንም ይቀልዳል። «እኔ ብወድቅም እሷ አልፋለች» አለኝ።

ለራሴ አንድ ገጽ የውጤት ማብራሪያ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። ላዩ ላይ «ወደቀ» የሚል ቃል የለም። ምን እንደተመረመረ፣ ምን እንደተገኘ፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ጥያቄ ካለ ለማን እንደሚደወል ይላል። ለጊዜው በራሴ ወረቀት ነው የማትመው። ሰኞ ጠዋት ለማጣሪያ አሥራ ሁለት ሰው ቀጠሮ አለኝ፤ አሥራ ሁለት ቅጂ አትሜያለሁ። ቅጹን የሚፈልግ ቢሮ ካለ እንደፈለገ አስተካክሎ ይጠቀምበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የማጣሪያ ክፍል ነርስ